ክለቡ ለአንዱ፣ ጋቢው ለአንዱ

እሁድ ጠዋት ቀራንዮ ፌርማታ አጠገብ ያለችውን ሻይ ቤቴን ስከፍት በር ላይ የማገኘው ጌታሁንን ነው። ክራባቱን አስሮ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። ሚስቱ ጸሎት ቤት የሄደ ይመስላታል። እሱ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ይቀመጥና መጽሐፉን አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ አድርጎ ለጋሽ ዳኛቸው ቦታ ይይዝበታል። አንድ ቀን ይሄ ነገር ደስ እንደማይል ነገርኩት። «ዘይቱና፣ ጌታ የሚያየው ልብን ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ የማየው ወንበሩን ነው።

ሻይ፣ ሳምቡሳ፣ እርጥብና ጁስ እሸጣለሁ። ዲሽ ያስገባሁት ለኳስ ነበር። የኳስ ሰው ይመጣል፣ ይጮኻል፣ ይሄዳል። የቦክስ ሰው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የአሜሪካ ቅዳሜ ማታ ለኛ እሁድ ጠዋት ስለሆነ ትልልቁ ግጥሚያ ሁሉ የሚደርሰን ከቁርስ ጋር ነው፤ ካለቀ በኋላ ደግሞ እስከ ምሳ ይጨቃጨቁበታል። ቡጢውን የሚቀምሱት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ የሚያማቸው ግን የኔ ደንበኞች ናቸው።

የነዚህ ደንበኞቼ አለቃ ጋሽ ዳኛቸው ናቸው። የዕድራችን ሊቀመንበርም ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በሰፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያላስማሙት የአጥር ጎረቤት የለም፤ መታረቅ የማይፈልጉትን ጭምር አስታርቀዋል። በወጣትነታቸው ቦክስ ተጫውቻለሁ ይላሉ። ከማን ጋር ሲባሉ የሚጠሩት ሁልጊዜ የሞተ ሰው ስም ነው።

ሦስተኛው ክብሮም ነው። ቀን ስልክ ይጠግናል፣ ማታ ማታ ደግሞ ስልክ ላይ ወጥቶ ስለ ቦክስ ይተነትናል። «አናሊስት በሉኝ» ይላል። ከተከታዮቹ ግማሾቹ እኔ ቤት ሻይ የሚጠጡት ናቸው። አጠገባቸው ተቀምጦ የነገራቸውን ነገር ማታ ቤታቸው ገብተው እንደ አዲስ ይሰሙታል።

ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ተጣልተው አያውቁም። የዓለም ዳኛ ሁሉ ሌባ ነው። ጥቁር ቦክሰኛ በነጥብ ከተሸነፈ ሰርቀውት ነው። ካሸነፈ ደግሞ ሊሰርቁት ፈልገው አልተመቻቸውም። ሁለቱም ተጋጣሚዎች ጥቁር ከሆኑ ጌታሁን ትንሽ ይቸገርና ፈካ ያለውን ይደግፋል።

መስከረም ውስጥ አንድ እሁድ እንደተለመደው አንድ ጥቁር ቦክሰኛ በዳኞች ውሳኔ በነጭ ተሸነፈ። ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ።

«ኮሜንታተሩን ሰማችሁት አይደል?» አለ ክብሮም። «ነጩ ሲመታ ‹ጭንቅላት አለው፣ ሠርቶበታል› ይላል። ጥቁሩ ሲመታ ‹የተፈጥሮ ጉልበት ነው› ይላል። ይሄ ምን ማለት መሰላችሁ? አንተ አልለፋህም፣ እንደ በሬ ተፈጥረህ ነው ማለት ነው። ዘረኝነት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ዳኛው ጋ ሲደርስ ነገሩ አልቋል።»

እውነቱን ለመናገር ይሄን ሲል ወደድኩት። ሳይጠይቀኝ ሻይ ጨመርኩለት።

«እኛን ጥቁሮችን መቼም አይወዱንም» አለ ጌታሁን በረጅሙ ተንፍሶ።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጥቁር የሆንከው?» አልኩት። «ለእህትህ ልጅ ሽማግሌ ሲመጣ ‹ልጁ ጨዋ ነው፣ ግን ትንሽ ጠቆር አለ› ብለህ የመለስከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ እንኳ በመሠረቱ የቀይ ዳማ ነኝ።»

በጥላሸት የጠቆረችው የሻይ ማንቆርቆሪያዬ አፍ ቢኖራት እሷም የቀይ ዳማ ነኝ ትል ነበር። ጌታሁን ጥቁር የሚሆነው እሁድ ጠዋት ብቻ ነው። ግጥሚያው ሲያልቅ መጽሐፉን ያነሳና የቀይ ዳማ ሆኖ ወደ ሚስቱ ይመለሳል።

ያን ዕለት ኡጁሉ ከፊት ተቀምጦ እርጥብ ይበላ ነበር። ከቴሌቪዥን ውጭ በቤቴ ያየሁት ብቸኛ ቦክሰኛ እሱ ነው። አባቱ ከጋምቤላ በሥራ ተዛውረው የመጡ መምህር ነበሩ፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሳንሱሲ ነው። ቀን ቀን ዓለም ባንክ ሰፈር በኮንዶሚኒየሞቹ በኩል ብሎኬት ይጭናል፣ ሲመሽ ወጣት ማዕከሉ ውስጥ ይለማመዳል። ረጅም ነው፣ ጥቁር ነው፣ ድምፁ ደግሞ ዝግ ያለ ነው፤ ሻይ ሲያዝ እንኳ ጠጋ ካላልኩ አልሰማውም። በሌላ ጊዜ ጥግ ላይ ቢቀመጥ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጥቁር ቦክሰኛ የሚጋጠም ዕለት ግን «ና ሻምፒዮን፣ ዘመድህ ነው» ብለው ከፊት ያስቀምጡታል። በግ ሊገዛ የወጣ ሰው እንደሚያደርገው ትከሻውንና ክንዱን ይዳብሱታል።

«አማርኛህ ግን እንዴት ቆንጆ ነው» ይሉታል ጋሽ ዳኛቸው፣ በመጣ ቁጥር።

«ሌላ ቋንቋ አልችልም፣ ጋሼ።»

«አያችሁ ትሕትናውን?» ይላሉ ወደኛ ዞረው።

ሰዉ ሲበተን ኡጁሉ ባንኮኒው ጋ መጣ። «እትዬ ዘይቱና፣ ቅዳሜ ይምጡልኝ። ከዮኤል ጋር እጋጠማለሁ» አለኝ።

ነገሩን አስረዳኝ። ደመወዝ የሚከፍል፣ ማደሪያና ምግብ የሚሰጥ አንድ ክለብ አለ። በኡጁሉ የክብደት ኪሎ አንድ ሰው ብቻ ላክልኝ ብሎ አሰልጣኙን አነስን ጠይቆታል። በዚያ ኪሎ ያሉት ደግሞ ሁለት ናቸው፣ ኡጁሉና ዮኤል። ተጋጥመው ያሸነፈው ይሄዳል።

«ዮኤል ገና ልጅ ነው፣ ለከርሞም ይደርሳል። እኔን ግን ክለቡ በዕድሜ የሚቀበለኝ ዘንድሮ ብቻ ነው። ዘንድሮ ካልሆነ ያው ብሎኬት ነው» አለኝ።

«ዮኤልን ትፈራዋለህ?»

«ዮኤልን አልፈራውም» አለኝ። «ደግሞ ዳኞቹ ከሌላ ክፍለ ከተማ ነው የሚመጡት አሉ። እሱ ጥሩ ነው።»

ለምን ጥሩ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ዮኤል የጤናዬ ልጅ ነው። ጤናዬን ቀራንዮ ውስጥ የማያውቃት የለም። እነ ጌታሁን ጸሎት ቤት የእህቶች ኅብረት መሪ ናት፣ በዕድሩ ደግሞ ለቅሶ ቤት ሲሆን ድስቱንም ሰውንም የምታዘው እሷ ናት። ልጇን ያላቀፈ፣ ከረሜላ ያልገዛለት ሽማግሌ በሰፈሩ የለም፤ ከአሁኑ ሚስት ያጩለታል። ኡጁሉም እዚያው ጸሎት ቤት ነው የሚያመልከው፤ እሱ የሚቀመጠው ኋላ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴን ዘግቼ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ሳምቡሳ በሳህን ይዤ ወጣት ማዕከሉ ሄድኩ። አነስ ለዳኞቹ እንዳመጣ ለምኖኝ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት ጠረጴዛ ላይ አንድ አዲስ ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ሰፈሩ አዋጥቶ አሸናፊውን ሊያለብስ የገዛው ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ መንገዱ በጎርፍ ተዘግቷል። ትንሽ ቆይቶ ዳኞቹ መምጣት እንደማይችሉ ደወሉ።

አነስ ስልኩን እንደያዘ አዳራሹን ሲቃኝ ዓይኑ ከፊት ወንበር ላይ አረፈ። ሦስቱም ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«እናንተ የዓለምን ዳኛ ሁሉ ስትሰድቡ ነው የከረማችሁት» አላቸው። «ኑ፣ ዛሬ እናንተ ቁጭ በሉ።»

የቀለደ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ዳኛቸው ግን አነስ ተናግሮ ሳይጨርስ ኮታቸውን አስተካክለው ተነስተዋል። ጌታሁን ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ክብሮም ስልኩን ፊቱ ላይ አዙሮ ለተከታዮቹ «ቤተሰብ፣ ዛሬ ዳኛ ነኝ» አለ። አነስ ለያንዳንዳቸው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቶ አራርቆ አስቀመጣቸው። «እንዳትነጋገሩ። በየዙሩ ለየብቻችሁ ጻፉ፣ መጨረሻ ላይ እሰበስባለሁ» አላቸው። ሦስቱም እንደ ደህና ተማሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ፔርሙዜን ይዤ ከኋላቸው ተቀመጥኩ።

ዮኤልን መውቀስ አልችልም። ሳይሸሽ ነው የተጋጠመው። በመጀመሪያው ዙር ፈጠን ፈጠን እያለ ኡጁሉን ዞረው፣ አንዳንዴም አገኘው። ኡጁሉ ዝም ብሎ ጠበቀውና በግራው ይመልስለት ጀመር። በሁለተኛው ዙር የዮኤል አፍንጫ ደማ፣ አንድ ጊዜም በጉልበቱ ወረደ። በሦስተኛው ዙር ልጁ የሚያደርገው ጠፍቶት ኡጁሉን እያቀፈ ቆየ። ጤናዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። ደወሉ ሲደወል አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማን እንዳሸነፈ ያውቃል። ዳኛ አያስፈልግም ነበር፣ ዓይን ይበቃል።

ጋሽ ዳኛቸው ወንበራቸውን ጎተቱ። «ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ።»

«ጋሼ፣ አትነጋገሩ ተብለናል እኮ» አለ ክብሮም።

«ለየብቻ ከጻፍን እንለያያለን። ነገ ሰው እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሌ እንዲህ አለ ሊል ነው። አንድ ቃል ይዘን እንውጣ።»

ያኔ ነው የገባኝ። እኚህ ሰው ዳኝነት አልተቀመጡም፣ ሽምግልና ነው የተቀመጡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለት ሰው ተጋጭቶ ሲያዩ ማን መታ ማን ተመታ ብለው አያውቁም፤ ማን ምን ይዞ ቤቱ ይግባ ነው የሚሉት። ቡጢውንም ያዩት እንደ ጠብ ነው። ጠብ ደግሞ አሸናፊ የለውም፣ የሚታረቅ ነው።

«አሸናፊውማ ይታወቃል» አለ ጌታሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን እህት ጤናዬን አያችኋት? የደም ግፊት አለባት። ልጇ በደም ተለውሶ፣ በዚያ ላይ ባዶ እጁን ቢመለስ እዚሁ ነው የምትወድቀው። ነገ ጸሎት ቤት በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«ነገ ጸሎት ቤት ልትሄድ ነው?» አልኩት ከኋላ። አልሰማኝም። ሻይ የሚቀዳን ሰው ማንም አይሰማውም።

ክብሮም ጉሮሮውን ጠረገ። «ቴክኒካሊ ካየነው ደግሞ ኡጁሉ ጉልበት ብቻ ነው። ጉልበት የነሱ ተፈጥሮ ነው፣ ምን ለፋበት? ዮኤል ግን ጭንቅላት አለው። ሠርቶበታል።»

ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት።

«ክብሮም፣ ባለፈው እሁድ ስለ ኮሜንታተሩ ምን ነበር ያልከው?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ዘይቱዬ። እሱ ዘረኝነት ነው» አለኝ፣ ወረቀቱን ከሻዩ እያሸሸ። ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። አንድም ነገር አልጠረጠረም።

ጋሽ ዳኛቸው ሁለቱን በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። «ስሙኝ። ኡጁሉ ትልቅ ሰው ነው፣ ይችለዋል። ደግሞ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ነገር አያበዛም።»

«ሳንሱሲ ከመቼ ወዲህ ነው ውጭ አገር የሆነው?» አልኩ።

«ዘይቱና፣ አንቺ ሻዩን» አሉኝና ቀጠሉ። «ክለቡ ለዮኤል። ጋቢው ለኡጁሉ። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን አይገቡም። ፍርድ ማለት እንዲህ ነው።»

ጌታሁን «አሜን» አለ።

አነስ ወረቀቱን ሊሰበስብ ሲመጣ ሦስቱም ባዶ ናቸው። አንደኛው ላይ ሻይ ፈሶበታል። ውሳኔውን ሲነግሩት ተቆጣ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ግጥሚያ ነው። ልጁ አሸንፏል» አላቸው።

«አነስ፣ ልጄ፣ ወረቀት ሰው ያጣላል» አሉት፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ።

አነስ አዳራሹን ዞሮ አየ። ጋሽ ዳኛቸው ከሚስቱ አስታርቀውታል። እዚያ ያስቀመጣቸውም ራሱ ነው። ደወሉን ይዞ ወደ ጥግ ሄደ። ከሁሉም በላይ የምናደደው በሱ ነው። እነሱ አያውቁም ልበል። እሱ ግን ያውቃል፣ ይሉኝታ ነው አፉን የያዘው። በሰው እንጀራ የተከፈለ ይሉኝታ ደግሞ ጨዋነት አይባልም።

ጋሽ ዳኛቸው ገመዱን አልፈው መድረኩ ላይ እንዲወጡ ሁለት ሰው ደገፋቸው። ማይኩን ያዙና ሠርግ ቤት እንደሚመርቁት ረጅም ንግግር አደረጉ። ስለ ፍቅር ተናገሩ፣ ስለ ጉርብትና ተናገሩ፣ ስለ ዝናቡ እንኳ ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ዮኤል ለክለቡ መመረጡን አወጁ።

ዮኤል አፍንጫው ውስጥ ጥጥ እንደተወተፈ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ተሸንፌያለሁ» አላቸው። ማይኩ ድምፁን ያዘው፣ አዳራሹ በሙሉ ሰማ።

«አንተ ዝም በል። ሽማግሌ ሲናገር ልጅ አይገባም» አሉት። ሰዉ ሳቀና አጨበጨበ።

ከዚያ ጋቢው መጣ። ኡጁሉ ጓንቱን ገና አላወለቀም፣ ላቡ ይወርዳል። ጋቢውን ትከሻው ላይ ሲያደርጉለት በጓንት መያዝ ስላልቻለ ተንሸራተተበት። እንደገና አለበሱት፣ እንደገና ተንሸራተተ። ጌታሁን ከኋላው ቆሞ በሁለት እጁ ያዘለት። «ተሳሳሙ» ተባሉ፤ ተሳሳሙ። ዮኤል ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

«ጋሼ፣ ማን አሸነፈ?» አለ ኡጁሉ። በዚያች ዝግ ባለች ድምፁ ነው የጠየቀው፣ ያለ ቁጣ።

«ፍቅር አሸነፈ፣ ልጄ» አሉት ጋሽ ዳኛቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሲወጣ በሩ ላይ ጠብቄው ጠረጴዛው ላይ የተባባሉትን በሙሉ ነገርኩት። የጤናዬን ግፊት፣ የተፈጥሮውን ጉልበት፣ እንግድነቱን፣ አንዱንም አላስቀረሁም። ሐሜት ከሆነም ሐሜት ይሁን። የተቀማ ሰው ቢያንስ በምን እንደተቀማ ማወቅ አለበት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «እሺ፣ እትዬ ዘይቱና» ብሎ ጋቢውን ከዝናቡ እንዳይረጥብ በፌስታል አድርጎ ሄደ።

በሳምንቱ አጋማሽ ጤናዬ ቤቴ መጣች። ዮኤልን ወደ ክለቡ ሸኝታ መመለሷ ነበር።

«ግፊቴን ማን ጠየቃቸው?» አለችኝ፣ ገና ሳትቀመጥ። «ልጄ ተሸንፎ ቢመጣ ፊቱን አጥቤ፣ አብልቼ አስተኛው ነበር። አሁን እዚያ የማያውቁት ሰዎች መሃል ሄዶ ሲቀጠቅጡት ማን ያስታርቅልኛል?»

«ለጋሽ ዳኛቸው ንገሪያቸው» አልኳት።

«ነገርኳቸው። ‹አየሽ ትሕትናሽን› አሉኝ» አለችና ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ሻይ ቀዳሁላት።

እሁድ ደረሰ። ትልቅ ግጥሚያ ነበር። ጌታሁንን በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት፣ ክራባቱን አስሮ፣ መጽሐፉን ይዞ። ጋሽ ዳኛቸው በተያዘላቸው ቦታ ተቀመጡ። ክብሮም ስልኩን ሻይ ብርጭቆ ላይ አስደግፎ መቅረጽ ጀመረ። ስለ ወጣት ማዕከሉ ግጥሚያ ያነሳ የለም። የሚነሳ ነገር መኖሩም የታያቸው አይመስለኝም።

ግጥሚያው ሊጀመር ሲል ኡጁሉ ገባ። በእጁ ፌስታል ይዟል።

«ሻምፒዮን፣ ና ከፊት። ዛሬ ዘመድህ ነው» አለው ጌታሁን ወንበር እየሳበለት።

ተቀመጠ። ሻይ አዘዘ። ጋሽ ዳኛቸው ጉልበቱን መታ አደረጉት። «ጋቢው እንዴት ነው? ይሞቃል?»

«ይሞቃል፣ ጋሼ።»

ጥቁሩ ቦክሰኛ በጣም ጥሩ ነበር። ነጩን አንድ ጊዜ ጣለው፣ እስከ መጨረሻውም እያሳደደ መታው። የኔ ሰዎች እየተነሱ እየተቀመጡ ወንበሬን ፈጁት። ደወሉ ተደወለ፣ ዳኛው የሁለቱንም እጅ ይዞ መሃል ቆመ፣ ውሳኔው ተነበበ። የተነሳው የነጩ እጅ ነው።

ቤቱ ተናወጠ።

«ይሄ ዓይን ያወጣ ዘረፋ ነው» አለ ክብሮም ብድግ ብሎ። «ሰው ዕድሜውን ሙሉ የለፋበትን፣ ሦስት ሰው ቁጭ ብለው ቀሙት። ሦስት ሰው። በምን ሥልጣናቸው?»

«ጌታ ያያል» አለ ጌታሁን፣ መጽሐፉን በመዳፉ እየመታ። «እኛ ጥቁሮች የማንም መጫወቻ ሆነን ቀረን።»

«ኅሊና የላቸውም እንዴ?» አሉ ጋሽ ዳኛቸው። ከልባቸው አዝነዋል። «ማታ ቤታቸው ሲገቡ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?»

እኔ የማየው ኡጁሉን ነው። ሻዩን ቀስ ብሎ ይጠጣል። ክብሮም ስልኩን ከብርጭቆው ላይ አንስቶ ፊቱ ላይ ደቀነበት። «እስቲ ከባለሙያ እንስማ። ኡጁሉ፣ አንተ እንደ ጥቁር ቦክሰኛ ምን ትላለህ? ተዘርፏል ወይስ አልተዘረፈም?»

ኡጁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«የነጩ ልጅ እናት ግፊት ይኖርባቸው ይሆናል» አለ።

የክብሮም እጅ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ጌታሁን ወደ መጽሐፉ አየ። ኡጁሉ ተነሳና ከፌስታሉ ጋቢውን አወጣ። አጥቦት፣ በደንብ አጥፎት ነው ያመጣው። ቴሌቪዥኔን ሰው እንዳይነካብኝ ከፍ አድርጌ ነው የሰቀልኩት፤ እሱ ግን ረጅም ነው፣ እጁን ሲዘረጋ ደረሰ። ስክሪኑ ላይ ያን የተሸነፈውን ጥቁር፣ ዓይኑ እንዳበጠ፣ ጥያቄ ይጠይቁት ነበር። ጋቢውን ዘርግቶ ቴሌቪዥኑን ከላይ እስከ ታች አለበሰው፣ ጫፉንም እንዳይንሸራተት ከኋላ ሸጎጠው።

«ለሱም ይሁንለት» አለ። ወደኔ ዞሮ «እትዬ ዘይቱና፣ ደህና ይዋሉ» ብሎኝ ወጣ። ዓለም ባንክ እሁድም ብሎኬት ይጫናል።

ከጋቢው ሥር የቦክሰኛው ድምፅ ይሰማል፣ እያለከለከ ይናገራል። በመጨረሻ ጌታሁን ሳቅ ለማለት ሞከረ። «እነሱ ሲቀልዱ ደግሞ ያምርባቸዋል» አለ።

«ዘይቱና፣ እባክሽ አንሺልን» አሉኝ ጋሽ ዳኛቸው፣ ዓይናቸውን ከጋቢው ሳይነቅሉ። «ቀጣዩ ግጥሚያ ሊጀመር ነው።»

«ያለበሱት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። እርስዎ ያንሱት» አልኳቸውና ብርጭቆ ማጠቤን ቀጠልኩ።

አልተነሱም። ክብሮምም አልተነሳም። ደወሉ ተደወለ፣ ጋቢው ሥር ሰዉ ይጮኻል፣ ቡጢ ሲያርፍ ይሰማል፣ ማን እንደመታና ማን እንደተመታ ግን አይታይም። ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ነጩን ጋቢ ያያሉ።

ጌታሁን ትንሽ ታገሠና ወደ ጋሽ ዳኛቸው ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃቸው።

«የኛ የትኛው ነው?»